ቶና የሌለው ቡና

በመሥሪያ ቤታችን ያለ አንድ ወጣት በቅርቡ አግብቶ ቤቱን ሲያደራጅ፣ ለቡና ማፍያ ምን ዓይነት ዕቃ ቢገዛ እንደሚሻለው ሊያማክረኝ መጣ። ለምን እኔን እንደመረጠ አልገባኝም። ስለ ሁሉም ነገር የሚከራከር ሰው ስለ ቡናም የሚለው አያጣም ብሎ ይሆናል። ባለቀለም ካታሎግ ይዟል፤ እንፋሎት የሚተፋ ማሽን፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር መፍጫ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ የሚናገር ማንቆርቆሪያ። ሁሉንም በትዕግሥት አገላበጥኩና ጎረቤት አላችሁ ወይ አልኩት። አፓርታማ ነው ጋሼ፣ ማን ከማን ይተዋወቃል አለኝ። እንግዲያማ የፈለግከውን ግዛ፣ የሚጎዳ ሰው የለም አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ፤ ካታሎጉንም ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄደ። ብቻዬን ስቀር የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ለጌጥ ከሚሸጡ አሮጌ ዕቃዎች መካከል፣ አንዲት የእጅ ቡና መፍጫ አየሁ፤ ከላይ የብረት ጽዋ፣ ጎኗ ላይ እጀታ፣ ከታች ዱቄቱ የሚጠራቀምባት ትንሽ የእንጨት መሳቢያ። እኅቴን ሰው አልባ ያደረገቻት መፍጫ ቁርጥ ይህችን ትመስል ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ የድሮ ቡና ይጣፍጥ ነበር የሚሉ ሰዎችን አትመኑ። እኔ የድሮውን ቡና የጠጣሁት ሰበታ ነው፤ ሰበታ ደግሞ የጅማ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጃንሆይ ዘመን ከጅማና ከከፋ የሚመጣው ቡና በደጃችን ያልፍ ነበር። ተፍኪን ያለፉት የጭነት መኪኖች ሞተራቸው እያቃሰተ፣ ሸራቸው እየተርገበገበ ሲመጡ የጥሬ ቡናው ሽታ፣ የእርጥብ ጆንያና የገለባ ሽታ፣ መንደሩን አዳርሶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ባሕር። ለእኛ የሚደርሰን ሽታውና ተለቅሞ የተጣለው ነው፤ ጥቁሩ፣ የተሰነጠቀው፣ ነቀዝ የበሳው። እሱን ከጎረቤታችን ከከድር ሱቅ በጣሳ እያሰፈርን እንገዛና እስኪጠቁር ቆልተን ጉዱን እንሸፍነው ነበር። ይህን ነው እንግዲህ ዛሬ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ የጥንቱ ቡና የሚሉት። አሁንም ጥሩው ወደ ባሕር ይሄዳል፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ሽታው እንኳን በደጃችን አለማለፉ ነው።

ቡናው መጥፎ ነበር ብዬ ከተማዋን ልክድ አልችልም። ጠዋት ጠዋት ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ጉም ባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ይውጣቸዋል፤ ከእሱ ውስጥ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይሰማል እንጂ አውቶቡሱ አይታይም። እኔ አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነበርኩ። አንዲት ቴርጋል ሱሪ ነበረችኝ፤ በከሰል ካውያ ስትተኮስ ኖራ ጉልበቷ እንደ መስታወት ያበራል። በስሙኒ እንቁላል ገዝቼ በመሃረብ ቋጥሬ ወደ ቤት ስመለስ ከድር ሱቅ ደጃፍ ላይ መቆሜ አይቀርም፤ ከነቆዳ ልባሱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትራንዚስተር ራዲዮ ነበረው። የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ከተሜውም ባላገሩም ቆም ይላል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ያኔ ከድር ባትሪዎቹን አውጥቶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ዜና ሲጀምር ድምፁን ይቀንሰዋል። ለምን እንደሆነ አንጠይቀውም፤ እሱም አይነግረንም።

እኅቴ ድንቅነሽ፣ እኛ ድንቄ የምንላት፣ እንደ እኔው የሱሉልታ ልጅ ናት። ሰበታ የመጣችው ጋሼ ወርቁን አግብታ ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ከተማ ስመደብ ግቢያቸው ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል ገባሁ። ጋሼ ወርቁ በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ የሚመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ እኔ ተማሪ ቤት እውላለሁ፤ ልጅ ገና አልወለደችም። ከሱሉልታ ዘመድ የሚመጣው ለዓመት በዓል ነው፣ ያውም መንገዱ ከደረቀ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ድንቄ የነበሯት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በቀኝ አጥር የኦቦ ደበላ ሚስት አዴ ጫልቱ፣ በግራ አጥር የባለሱቁ የከድር ሚስት ዘይነባ። አዴ ጫልቱ ከሰበታ ወጥታ የማታውቅ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እየቀላቀለች የምትስቅ ትልቅ ሴት ናት። ዘይነባ ቀጭን ናት፤ ምላሷም እንደዚያው። አንድ ቀን አዴ ጫልቱ አስቁማኝ፣ "አስተማሪው፣ ሱሪህ ላይ ፊቴን አየሁት፤ አርጅቻለሁ ለካ" አለችኝ። ዘይነባ ከኋላዋ ሆና፣ "እስቲ ዞር በል፣ እኔም መቀመጫው ላይ ልይ" አለች። ድንቄ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጀበናውን ልትደፋው ነበር። እኅቴን እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት በእነዚያ ሁለት ሴቶች መካከል ብቻ ነው።

በዚያ መንደር ጎረቤት ለቡና በአፍ አይጠራም። የሚጠራው ሙቀጫው ነው። የዘነዘናው ድምፅ አጥር ሲሻገር የሰማች ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ሳይሰሙ መምጣት ልመና ነው፤ ሰምቶ መቅረት ኩርፊያ ነው፤ በአፍ የሚጠራ ደግሞ እንግዳና ባዳ ነው። ይህን ማንም ለማንም አላስተማረም፣ የሚስተውም አልነበረም። እኔ እንኳ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የተማሪ ደብተር እያረምኩ፣ ከባዱና ዝግ ያለው ምት የአዴ ጫልቱ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለው የዘይነባ መሆኑን እለይ ነበር። ከተሰበሰቡ በኋላ አቦሉ ላይ ስለ ጤና ይወራል። ቶናው ላይ ሰው ይታማል። በረካው ላይ፣ ቀለም ብቻ የቀረው ያ የቡና እጣቢ ላይ፣ ዋናው ነገር ይወጣል። ድንቄ ስላልወለደችው ልጅ ለባሏም ለእኔም ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ለእነሱ ግን የነገረቻቸው በበረካ ሰዓት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም አንዳንድ ቀን ሲኒ ልታጥብ ስትነሣ ዓይኗ ቀልቶ አያለሁ፣ ትከሻዋ ግን ቀሏት ነበር።

ጋሼ ወርቁ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ከተማ ውስጥ የአንድ ዕቃ አስመጪ ነጋዴ ጸሐፊ ነው፤ ግራጫ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ፒያሳ ከሚገኝ የጣሊያን ቡና ቤት ቆሞ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ሚስቱን ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ አድርጎ ይሄዳል። ይህን የመጨረሻውን መንደርተኛው እንደ ሕመም ነበር የሚያየው። ድንቄ ልጅ ሳለች ከፈረስ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አሽቶ ቢጠግነውም ዘነዘና ስታነሣ ያብጥባታል። ደብቃዋለች። እሱ ግን አየ። አየና ቡናን እንደ ጠላት ያጠናው ጀመር።

ከፍሬው ተነሣ። እሑድ እሑድ ሰፌድ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሴት ቡና ሲለቅም አዴ ጫልቱ በአጥሩ ላይ አይታው፣ ቀሚስ ልላክልህ ወይ ብላ መንደሩን አሳቀችበት። እሱ ቅር አላለውም፤ ትንሹ ፍሬ ትልቁ ሳይበስል ስለሚያር በመጠን በመጠኑ መለየት አለበት አላት። ቀጥሎ መቁላቱን ለወጠ። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ በእጀታ የሚዞር ክብ መቁያ አሠራ፤ ቡናው እስኪጠቁር ሳይሆን የቀረፋ ቀለም ሲይዝ ያወጣዋል። ከዚያ ወደ ውሃው ዞረ። የሰበታ የጉድጓድ ውሃ ቡና ይገድላል ብሎ ቡራዩ ካለ አንድ ምንጭ በትልቅ ጠርሙስ ያመጣ ጀመር፤ የገመድ ልብስ የተሸመነለትን ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፎ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ይመጣል። የአውቶቡሱ ረዳት፣ ውሃ ሞልቶ ወደሚፈስበት አገር ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ገና ዛሬ አየሁ ብሎት ነበር። እኔም ከረዳቱ ጋር ነበርኩ፤ በነገር ሁሉ አሾፍኩበት። ግን እውነቱን ልናገር፤ ቡናው ተሻለ። በየሳምንቱ ተሻለ። ሁለቱ ሴቶችም እየሳቁበት እየጠጡ አመሰገኑት፤ እስከዚያ ድረስ ሙቀጫው አልተነካም ነበርና።

አንድ እሑድ መፍጫዋንና ሁለት ፎቅ ያላት የአሉሚኒየም ማፍያ ይዞ መጣ፤ ታች ያለው ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ በቡናው ውስጥ አሳልፎ ወደ ላይኛው ክፍል የሚገፋው ዓይነት። መፍጫዋን ድንቄ ጭን ላይ አስቀመጠና፣ "ከእንግዲህ ያችን እጅሽን አታሳምሚያትም" አላት። አንጓዋን ማወቁን እሷ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔ ወጣ አልኩ። ሰው እንደዚያ ሲዋደድ ማየት በዚያን ጊዜ ነውር ነበር፤ ዛሬም ማየት የሚገባኝ አይመስለኝም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ቡናው ተቆላ። ሽታው እንደ ወትሮው አጥር ተሻገረ። መፍጫዋ ግን ድምፅ የላትም፤ ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ያህል እንኳ አትሰማም። ድንቄ ሲኒዎቹን ደርድራ፣ የሁለቱን ሴቶች ሲኒ ጭምር ቀድታ ተቀመጠች። ይመጣሉ አለች። ጋሼ ወርቁ ይቀዘቅዛል አላት። ይመጣሉ አለች እንደገና። ሽታውን ያሸተቱ፣ ሙቀጫውን ያልሰሙ ሁለት ሴቶች ደግሞ፣ እኔ ያኔ እንደገመትኩት፣ እጃቸውን ታጥበው በየቤታቸው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻም ድንቅነሽ በሯን ዘግታ ለብቻዋ ጠጣች ብለው ደመደሙ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በማግስቱ ማግስትም።

ለምን አትጠሪያቸውም አልኳት። ጎረቤቶቼን እንደ ባዳ በአፌ ልጥራ ወይ አለችኝ። እኔ ልሂድ ስላት፣ ወንድ ልጅ ቡና ጠጡ እያልክ አጥር ለአጥር ልትዞር ነው አለች። እንግዲያው ሙቀጫውን ውቀጪበት አልኳት። ዘነዘናውን ብታነሣ የእሱን ስጦታ ፊቱ ላይ መጣል ነው፤ ባታነሣ ጎረቤቶቿ ሊሄዱባት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሚችል ብልህ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ያኔም ዛሬም አላገኘሁትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቀዘቀዙትን ሲኒዎች ጓሮ ስትደፋ አገኛት ነበር።

በመጨረሻ ተሸነፈች። አንድ እሑድ ወደ አጥሩ ሄዳ ጮክ ብላ ቡና ጠጡ አለቻቸው። መጡ። ግን የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ አዴ ጫልቱ በትንሽ ሙዳይ ቅቤ ይዛ፣ ዘይነባ ሻሿን ለውጣ፣ ልክ ባዳ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሄድ ሰው መጡ። ጋሼ ወርቁ ደስታው ልክ አልነበረውም። ራሱ ፈጨ፣ ራሱ አፈላ። ያ ቡና እስከ ዛሬ ከጠጣሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። ጠጡ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቶናውን መጠበቅ ጀመሩ።

ድንቄ ባሏን አየችው። እሱ ነገሩ አልገባውም። ማፍያዋን ከፍቶ የተጋገረውን አተላ እያሳየ፣ ይህ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰጥቷል፣ ከአሁን በኋላ ቢፈላ የሚወጣው ምሬት ብቻ ነው፣ ቶናና በረካ የምንለው በድህነት የመጣ ነው እያለ በትሕትና አስረዳቸው። አዴ ጫልቱ አተላውን አየች።

"አለቀ?" አለች።

"አለቀ፣ አዴ" አላት በኩራት።

"እንግዲያው እንነሣ ዘይነባ። እዚህ ቤት ሥራ አላቸው።"

አንድ ሲኒ ሰጥቶ ማሰናበት በዚያ መንደር ምን ማለት እንደሆነ ድንቄ ታውቃለች። አዴ ጫልቱ ከበሩ ዞር ብላ "ነጋቲ" አለቻት፤ በሰላም ቆዪ ማለቷ ነው። ከዚያ በፊት ከዚያ ቤት ስትወጣ ተሰናብታ አታውቅም። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ምን ብሎ ይሰናበታል?

ከዚያ በኋላ ድንቄ ባሏ ሥራ ሲሄድ ሙቀጫውን ከጓዳ እያወጣች ትወቅጥ ጀመር። ትምህርት በሌለበት ቀን እሰማታለሁ፤ ትወቅጥና ታቆማለች፣ በሩን ታያለች፣ ደግሞ ትወቅጣለች። አልመጡም። የእነሱን ዘነዘና ስትሰማ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ተቀበሏት፤ ጉዳቱም እሱ ነበር። ወንበር አወጡላት፤ ቀድሞ መሬት ላይ አብራቸው ነበር የምትቀመጠው። ሲኒዋን ሁለት ጊዜ አለቀለቁላት። ስትገባ ወሬው ቆመ፤ ከዚያ ስለ ቅቤ መወደድ ተጀመረ። በረካውን ጠጥታ መጣች፣ ደግማ ሄደች፣ ከዚያ ተወችው። አንድ ምሽት ጋሼ ወርቁ አንጓዋ አብጦ አየ። መፍጫዋ ከብዳባት መሰለው። በማግስቱ ዘይት ገዝቶ መጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዘውሮቿን አንድ በአንድ ሲያለሰልስ አመሸ። ድንቄ ከጎኑ ቁጭ ብላ መብራቱን ያዘችለት።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሆነ አልተርክም። ጋሼ ወርቁ ሥራውንም ባርኔጣውንም ተወ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ድንቄ ሰበታን ለቃ ሄደች፤ ኋላ የተወለደችላት ልጇ ዛሬ ለገጣፎ፣ ጎረቤት የማያሳይ የግንብ አጥር ባለው ቤት ውስጥ ታኖራታለች። እኔም ይህን ታሪክ ለሚሰማኝ ሁሉ ስተርክ ኖርኩ። የራሴን ፍልስፍና ሠርቼለት ነበር፤ ነገሩ ሁሉ አለመግባባት ነው፣ አንዲት ዝምተኛ መፍጫ ናት ጥፋተኛዋ፣ አንድ ሰው አጥሩን ተሻግሮ ቢያስረዳ ኖሮ ይድን ነበር እል ነበር። ቆንጆ አስተያየት ነው። ሰው የሚለያየው ባለመተዋወቁ ነው ብሎ ማመን ያጽናናል።

ባለፈው ሰሞን ለአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ልቅሶ ሰበታ ሄድኩ። ከተማዋን አላወቅኋትም፤ ዋናው መንገድ ብቻ ነው ቦታው ላይ ያለው። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትኩር ብለው አይተውኝ፣ "አስተማሪው አይደለህም እንዴ? ሱሪ ለውጠሃል" አሉኝ። ዘይነባ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አዴ ጫልቱ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል አሉኝ። እኔም ያን ዕድሜ ሙሉ የተሸከምኩትን ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ መፍጫዋ፣ ስለ አንጓዋ፣ ድንቄ የሁለታችሁንም ቀድታ ትጠብቃችሁ ነበር፣ ሳትጠጡት ነበር የሚደፋው አልኳቸው።

"እናውቅ ነበር" አሉኝ።

የሰማሁት ትክክል መሆኑን ተጠራጠርኩ።

"በየአጥራችን ቀዳዳ እናይ ነበር እኮ። ጫልቱ፣ 'ዛሬም የኔን ቀድታለች' ትለኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን እንደ ድሮው አልመጣችሁም?"

"መጀመሪያማ ተቀይመን ነው። ቂሙ ቶሎ ወጣልን። ከዚያ አፈርን። ዛሬ ብንሄድ እስከ ዛሬስ የት ነበራችሁ ትለናለች አልን። እንዲህ ስንል ክረምት ገባ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሙቀጫውን የጀመረች ጊዜ ጫልቱ አለቀሰች፤ የእጇን ሕመም ታውቅ ነበርና።"

"ግን አልመጣችሁም።"

"አልመጣንም" አሉ ዘይነባ።

እሑድ ለገጣፎ ሄድኩ። ድንቄ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ትደነግጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

"የጫልቱ የነጠላ ጥለት በቀዳዳው ይታየኝ ነበር" አለችኝ። "ቀይ ነበር።"

"ታይዋቸው ነበር? ከዚያች እሑድ ሌላ አንድ ቀን እንኳ ወጥተሽ ግቡ አትያቸውም ነበር?"

"እነሱስ?" አለች። የምትከታተለው ድራማ ስለጀመረ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረችው።